ጾመኛዋ ዓሣ ነባሪና የእኔ እናት

እኛ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴን በጃንጥላና በጭቃ ስንገፋ፣ ከደቡብ ዋልታ አካባቢ የተነሱ ግዙፍ እንግዶች ኬንያ ይገባሉ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከሞምባሳ በስተሰሜን ካለችው ከዋታሙ በጀልባ ወጥቼ በዓይኔ አየሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ዓሣ ነባሪ ናፍቆኝ አልነበረም። «ቋሚ ሥራ ያዝ፣ ሰው ሁን» ስትለኝ ከእናቴ ጋር ተኳርፌ፣ በር ደርግሜ ናይሮቢ ያለው ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ሁለት ወር ሙሉ አልደወልኩላትም።

ጀልባዋ ሁለት ሰዓት ብትዞር ምንም የለም። ሆዴ ተገለባበጠ፤ የከፈልነው ገንዘብ ቆጨኝ። ድንገት «ፉፍ!» የሚል ድምፅ ሰማንና ከውሃው ላይ እንደ እንፋሎት ያለ ነገር ተነሳ። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ከአንበሳ አውቶቡስ የማታንስ እናት! ከጎኗ ደግሞ ትንሹ። «ትንሽ» ስል ታዲያ፣ ሲወለድ 4 ሜትር የሚረዝም፣ 1 ቶን ግድም የሚመዝን ነው።

ጓደኛዬ «ጠጋ በል እንጂ፣ ከፍለናል እኮ!» ቢለው ባለጀልባው እምቢ አለ። «ከተጠጋናት ትሸሻለች፤ ጉልበቷን አናስጨርሳት» አለን።

ለካ ጾመኛ ናት! ምግቧ ያለው በቀዝቃዛው የደቡብ ባሕር ነው። 11 ወር ያህል አርግዛ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋኝታ፣ እዚህ ሞቃት ውሃ ውስጥ ወልዳ የምታጠባው ቀድማ ካጠራቀመችው ስብ ነው። ልጅ ይወፍራል፣ እናት ትከሳለች።

ወንዶቹስ? ለሰዓታት ይዘፍናሉ፤ በአንዲት ሴት ይደባደባሉ። ልጅ ማሳደጉ ላይ ግን የሉበትም። (የምታውቁት ሰው ትዝ አላችሁ?)

ትንሹ እናቱ ላይ ሲንፈራገጥ ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ እናቴ ማታ ማታ «እኔ በልቻለሁ፣ አንተ ብላ» የምትለኝ ነገር ትዝ አለኝ። መቼ ነበር የበላችው?

ባሕሩ ዳር እንደደረስን ደወልኩ። ስለ ጠባችን አንድም ቃል አላነሳችም። «በልተሃል?» አለችኝ።

ወጣቶች፣ አቅሙ ካላችሁ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋታሙ ሂዱ። ባለጀልባውን ግን «ተጠጋ» እያላችሁ አትጨቅጭቁት። አቅሙ ከሌላችሁ ደግሞ ስልኩ ቅርብ ነው፤ ለእናታችሁ ደውሉና እናንተ ቀድማችሁ «በልተሻል?» በሏት።