ቡናማዋ ንብ

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ታላቅ እህቴን ለመጠየቅ ወደ ላሊበላ ሄድኩ። እህቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ዝሎ ነበር። ልጁ በመንገድ እንዳይሰለቸው ብዬ ከሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት አሥር ገጽ ቀለም የሚቀቡ የንብ ሥዕሎች አሳትሜ ከአንድ ፓኮ ከለር ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሁሉም ላይ ንቧ ጉንጫም ናት፣ ትስቃለች። ቤቷም ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ድቡልቡል ነገር ነው። ልጁ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ሦስቱን በቢጫና በጥቁር ቀብቶ ጨረሰ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር በማሳዎቹ ዳር አደይ አበባ አልጠፋም። ለላስታ ንብ የጥጋብ ጊዜ ነው፤ ማር የሚቆረጠውም በዚሁ ወቅት ነው።

እህቴ ቤት እንደገባሁ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስላገለገልኩ ሳልቀመጥ ማዘዝ ጀመርኩ። «ጣትሽን ዘርጊ፤ አሁን ጨብጪ፤ ድገሚው» እላታለሁ። ሁለት ጊዜ ሞከረችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

«የመጣሽው እህቴ ሆነሽ ነው ወይስ ነርስ ሆነሽ?» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማታ ግን ለልጁ ተረት አልነፈገችውም። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ እንደ ከበበው፣ እናቱም ይህን አይታ ስሙን «ላሊበላ» እንዳለችው፣ ትርጓሜውም «ንብ ንግሥናውን አወቀ» ማለት እንደሆነ ነገረችው።

«ታዲያ አልነደፉትም?» አለ ልጁ።

«ንጉሥ ይነደፋል እንዴ!» አለችውና ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በማግስቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ስናይ ዋልን። ልጁ ግን ከማታው ጀምሮ ልቡ ንቦቹ ላይ ነበር። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን በኮንትራት መኪና ወደ ብልባላ ጊዮርጊስ ወሰድኩት። ከላሊበላ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እሱም ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንቦቹ የሚኖሩት በግድግዳው ውስጥ ነው። ማራቸው ፈውስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። በሰው እምነት አልገባም። እንደ ነርስ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በጣት እንኳ አይላስም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የባክቴሪያ ዘር የሕፃን አንጀት ገና ስለማይቋቋመው ሕፃኑን ሊያዝለውና ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል።

አንድ አባት ልጁን በትከሻው ያዝ አድርገው ወደ ጎን ወሰዱት። «ልጄ፣ መግቢያቸው ላይ አትቁም። መንገዳቸውን ስትዘጋባቸው ነው የሚቆጡት» አሉት። እሱም ጥግ ይዞ ሥዕሉን ከኪሱ አወጣና ከንቦቹ ጋር ማመሳከር ጀመረ።

«እማማ፣ እነዚህ እኮ ቢጫ አይደሉም! ቡናማ ናቸው።»

እውነቱን ነው። የደጋው ንብ ጠቆር ያለች ናት። ቢጫ የመሰለን ከአበባ ለቅማ በኋላ እግሯ ላይ ጠቅልላ የምታመጣው ብናኝ ነበር። መሬት ላይ አንዲት የሞተች ንብ አግኝቶ በወረቀቱ አንስቶ ቆጠራት፦ እግሯ ስድስት፣ ክንፏ አራት። ሥዕሉ ላይ ያለችው ግን አራት እግርና ሁለት ክንፍ ብቻ ነበራት።

ማታ በሩጫ ወደ እህቴ ሄደ። «ትልቋ እማማ፣ ሥዕሉ ውሸት ነው!» እያለ የጎደሉትን እግሮችና ክንፎች ጨመረ። እህቴ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው።

«ቀፎውስ ቢሆን? ቀፎ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። በልጅነታችን አባታችን ማር ሲቆርጥ ጭሱን የምትይዝለት እሷ ነበረች። ረጅም ነው፣ ከጭራሮ ይሠራል፣ በጭቃና በእበት ይለሰናል፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው እያለች አስረዳችው። ልጁ አልገባውም።

«ሳይልኝ» አላት።

እርሳሱን በግራ እጇ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ በግራ እጇ እየደገፈች በቀኟ ጣቶች መካከል አስገባችው። ምላሴ ላይ ስንት ትእዛዝ እንደ መጣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አፌን ያዝኩ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተጣመመ፣ ግን ሄደ። ቀፎው ሲያልቅ ልጁ ቡናማውን ከለር ሰጣት። በማግስቱ ጠዋት ቡና ሳይፈላ «ያ ልጅ ወረቀቱን የት አደረገው?» ስትል ሰማኋት።

እርሳሱ እንዳያመልጣት በጨርቅ ጠቀለልኩላት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ሲደክማት እያረፈች ትቀባ ነበር። ከለር መቀባት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን አይተካም፤ እጇም እንደ ድሮው አልተመለሰም። ግን ያንን እጅ ከነጠላዋ ውስጥ ያወጣው የእኔ ዲፕሎማ ሳይሆን የልጁ ጥያቄ ነው።

ለልጅ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ሥዕል ስታሳትሙ ለራሳችሁም አንድ ገጽ ጨምሩ። ቤት ውስጥ እጁ የደከመ ሰው ካለ መስመሩ ወፍራም፣ ቅርጹ ሰፋ ያለውን ምረጡለት። ቀብታችሁ ስትጨርሱም «ምን ጎደለው?» ብላችሁ ልጁን ጠይቁት፤ ከተቻለም እውነተኛውን አሳዩት።

እህቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጁም አሁን 15 ዓመቱ ነው፤ ከለር ትቷል። ያችን ወረቀት መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፦ ስድስት እግር ያላት ንብ፣ ከጎኗም አንድ ጠማማ ቡናማ ቀፎ።