የሚያዝያ 12ቱ ሰልፍና አባቴ

ደሴ፣ ባደግሁበት ሰፈር፣ ቅሬው (ዕድሩ) አንድ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለውም መቃብር የሚቆፍረውም ሃይማኖቱ ተጠይቆ አልነበረም። ሠርግ ከሆነ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። እኛ ልጆች ደግሞ ዐቢይ ጾምን እንወድ ነበር (ጾም የሚወድ ልጅ ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ)። ሥጋ ስለሌለ የሚለየን ነገር የለም፤ ያገኘነው ቤት ገብተን ሽሯችንን እንበላለን።

ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከዚያ እምነት ውጭ ሊሆን አይችልም ነበር። አረፋ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነበር። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ቅር ይለው እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም፤ እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ፣ ወታደሩ የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው አስቀድመው ተነሥተዋል። የዚያን ቀን ደግሞ ሙስሊሙ ወጣ፤ ክርስቲያኑም ተከተለው፤ ሰልፈኛው ወደ መቶ ሺህ ተገምቷል። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን 13 ጥያቄዎች ቀረቡ፦ በዓሎቻችን በመንግሥት ይታወቁ፣ የመሬትና የሥልጣን በር ይከፈትልን፣ “በኢትዮጵያ የሚኖሩ” መባላችን ቀርቶ ኢትዮጵያውያን እንባል።

ክረምት ላይ አገሬ ገብቼ መሰለፌን ለአባቴ ብነግረው ተቆጣ። “አብረን በልተን፣ አብረን ቀብረን! ደግሞ ምን ጎደለባቸው?” አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የእሱ አባት ያደገው የቦሩ ሜዳን ወሬ እየሰማ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ ያሉበትን፣ ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉበትን። ከዚያ ጋር ሲያስተያየው አባቴ የራሱን ዘመን እንከን የለሽ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። መቻቻልን የሚለካው ከጎረቤቱ ጋር ባለው ፍቅር ነው፤ ጎረቤቱ በመንግሥት ፊት ምን እንደሆነ በሐሳቡም አልመጣ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያየ። ልጆቼ እኩልነቱን እንደ አየር ነው የሚያዩት፤ ጥያቄም አይሆንባቸው። ግን የሌላ እምነት ሰው ጓዳ ገብተው አያውቁም፤ በስልካቸው ላይ የሚያነቡትን ስድብ አባቴ ቢሰማው ጆሮውን ይይዝ ነበር። እኔ ቅሬው ይናፍቀኛል። የ1948ቱን ሕግ ግን ማንም አይመልስብኝ።

የዚያ ቀን ሰልፈኞች በሕይወት ካሉ አብዛኞቹ ሰባውን አልፈዋል። በየሰፈራችሁ አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ የሚሉትንም ጻፉት።