ከጉሮሮ ወደ መኪና

የቀለም መርጫ የትውልድ ሐረጉ ቢቆጠር የሚያደርሰን ሐኪም ቤት ነው። በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው ቶሊዶ ከተማ አለን ዴቪልቢስ የሚባል የጉሮሮ ሐኪም ነበር። የበሽተኛን ጉሮሮ በጥጥ መጥረግ ቢሰለቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ላስቲኩ ሲጨመቅ መድኃኒቱን ጉም አድርጎ የሚነፋ ዕቃ ሠራ። ልጁ ቶማስ በ1907 ያንኑ ብልሃት ወደ ቀለም አዞረው። ስለዚህ ብሩሽን ከፋብሪካ ያባረረው ይህ መርጫ ነው ይባላል። እኔ ግን ምስጋናው ያለ ባለቤቱ የተሰጠ ይመስለኛል፤ ብሩሽን ያባረረው ቀለሙ ራሱ ነው።

መርጫው ከተሠራ በኋላም የመኪና ፋብሪካዎች ለዓመታት ብሩሻቸውን አልጣሉም። የዘይት ቀለምና ቫርኒሽ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው፤ አንዱ ንብር እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ ሌላው ይደረባል። አንድ መኪና በዚህ አኳኋን ሦስትና አራት ሳምንት ይቆም ነበር። ከወር ላይ ጥቂት ሰዓት ቢቀነስ ማን ይቆጥረዋል? ነገሩ የተለወጠው የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስቶች ጭስ ከሌለው ባሩድ ጋር ዘመድ ከሆነው ናይትሮሴሉሎስ ዱኮ የተባለውን ቀለም ሲያወጡ ነው። ዱኮ የሚደርቀው ማቅጠኛው ሲተንን ስለሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል። ብሩሽ ግን ይህን ፍጥነት አልቻለውም፤ ገና ሳይጎተት ቀለሙ ይይዘዋል፣ ሁለተኛው ንብር ደግሞ የፊተኛውን አሟሙቶ ያነሳዋል። ያን ጊዜ የሐኪሙ ዕቃ የግድ ተፈለገ። ጄኔራል ሞተርስ በ1923 ሰማያዊ ኦክላንድ መኪናውን በዱኮ ቀብቶ አሳየ፤ ሳምንታት የሚፈጀው ሥራም ወደ ቀናት ወረደ።

በ1893 የቺካጎ ዐውደ ርዕይ ሕንጻዎች ያለ ዱኮ በተጨመቀ አየር ነጭ ቀለም ተረጭተው የለም ወይ የሚል ይኖራል። ተረጭተዋል። ነገር ግን እነዚያ ከሩቅ ለመታየትና ለጥቂት ወራት ለመቆም የተሠሩ የልስን ግድግዳዎች ነበሩ፤ የመኪና በር አፍንጫን አስጠግተው የሚመረምሩት ዕቃ ነው። ፎርድስ ያለ ዱኮ ፈጥኖ አልነበረም ወይ የሚለው መከራከሪያ ይከብዳል። እውነት ነው፣ ፎርድ ቀለሙን እያፈሰሰና ዕቃውን እየነከረ በምድጃ ያደርቅ ነበር። ይሁን እንጂ የምድጃውን ሙቀት የቻለው ሬንጅ ያለበት ጥቁር ቀለም ነው፤ ነጣ ያለው ይበላሻል። የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ብቻ መሸጡ ከዚህ ጋር ይያያዛል። እዚያም ቢሆን ፍጥነቱን የወሰነው ቀለሙ ነው።

የመርጫው የራሱ የሆነ ነገር ብክነቱ ነው። ከተለመደው መርጫ ከሚወጣው ቀለም ብረቱ ላይ ሳያርፍ የሚቀረው ከግማሽ ይበልጣል፤ ከዚያም የተወሰነው ያለ ጭምብል የሚሠራው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። በዛሬው ባለ ማጠንከሪያ የመኪና ቀለም ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ሠራተኞችን ለአስም ከሚዳርጉ የታወቁ ነገሮች አንዱ ነው። ዴቪልቢስ የሚለው ስም ዛሬም በቀለም መርጫዎች ላይ ይታተማል፤ የአስም ሕመምተኞች መድኃኒት በሚስቡባቸው መሣሪያዎች ላይም እንዲሁ።