ገመዱ የሚያልፍበት ብቻ

ከጀርመኗ ቦርኩም ደሴት ራቅ ብሎ፣ ሰሜን ባሕር ላይ፣ ሪፍጋት የሚባል የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ፤ 30 ተርባይኖች፣ 108 ሜጋዋት። እ.ኤ.አ. በ2013 ተርባይኖቹ ተተክለው አለቁ፤ ማመንጫውም ተመረቀ። ኤሌክትሪኩን ወደ የብስ የሚወስደው ገመድ ግን ገና ነበር። በሚዘረጋበት መሥመር ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ያልፈነዳ ፈንጂ ስለተገኘ እሱን ማጽዳት ወራት ፈጀ። ተርባይን ደግሞ ጨዋማ አየር ውስጥ ዝም ብሎ ከቆመ ይዝጋል። ስለዚህ ገመዱ በ2014 መጀመሪያ እስኪገናኝ ድረስ በናፍጣ ጄኔሬተር ያዞሯቸው ነበር። ባሕር ላይ ለመገንባት የሚነሳ ሁሉ የነፋሱን ኃይል ከመለካቱ በፊት ወለሉን መመርመር እንዳለበት ሪፍጋት በውድ ዋጋ አስተምሯል።

* * *

በጀርመን የባሕር ክልል ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ የጦር ፈንጂ እንዳለ ይገመታል። ሰው ይህን ሲሰማ የተመታ መርከብና ከአውሮፕላን የወደቀ ቦምብ ይታየዋል። አብዛኛው ግን የተጣለው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። አሸናፊዎቹ የጀርመን ትጥቅ በፍጥነት እንዲወገድ አዘዙ፤ ባሕሩ ቅርብ ነበር፤ ወጪውም ትንሽ። ፈንጂውን ከጫኑት ጀልባዎች ብዙዎቹ ከተከለለው ቦታ ሳይደርሱ መንገድ ላይ እያራገፉ ተመለሱ። ስለዚህ ዛሬ ካርታ ላይ «እዚህ ተጥሏል» ተብሎ የተከበበው ቦታ ሙሉውን አይናገርም። በተራበና በፈራረሰ አገር ጀልባውን ይዞ የወጣውን ሰው አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ በሰላምና በጥጋብ ዘመን ጉዳዩን እያወቁ አሥርት ዓመታት ያሳለፉትን መንግሥታት ነው።

* * *

ፍለጋው ትዕግሥት ያስጨርሳል። መርከብ ማግኔቶሜትር እየጎተተ መሥመር በመሥመር ይመላለሳል። ከወለሉ ሥር ብረት ካለ የምድር መግነጢሳዊ መስክ በጥቂቱ ይዛባል፤ የተዛባበት ነጥብ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ መብራትና ካሜራ የተገጠመለት ሰው አልባ ሰርጓጅ ይወርድና አሸዋውን በውኃ ግፊት ይገልጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መልሕቅ፣ ሰንሰለት፣ የሽቦ ገመድ ወይም ቁርጥራጭ ብረት ነው። ቢሆንም አንዱም አይዘለልም።

ይህ መሣሪያ የማያየውም አለ። ጀርመኖች ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይጥሉት የነበረው ኤል ኤም ቢ የተባለ የባሕር ፈንጂ አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ውስጡ 700 ኪሎ ግራም ገደማ ባሩድ አለ። ማግኔቶሜትሩ ከላዩ ላይ ምንም ሳይል ሊያልፍ ይችላል። በምን መሣሪያ እንደተፈለገ የማይናገር «አካባቢው ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ለጠላቂው ሠራተኛ ዋስትና ሊሆነው አይችልም።

* * *

በባልቲክ ዳርቻ አምበር (ድንጋይ የመሰለ የጥንት ዛፍ ሙጫ) የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። ኡሰዶም ደሴት ላይ የሚያገኙት ቢጫ እንክብል አንዳንዴ ከቦምብ የወጣ ነጭ ፎስፈረስ ነው። እርጥብ ሳለ ከአምበር አይለይም። ኪስ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅና የሰውነት ሙቀት ሲያገኘው ይነድዳል። ልጆች ይዞ ባሕር ዳር የሚዝናና ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት።

* * *

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በጀርመንና በዴንማርክ መካከል፣ ፌማርን ቤልት ላይ፣ በተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ 42 የእንግሊዝ የባሕር ፈንጂዎች ባሉበት እንዲፈነዱ ተደረገ። በተከታዮቹ ወራት የፖርፖይዝ ሬሳ ዳርቻ ላይ ተገኘ። ከተመረመሩት 24 መካከል 10ሩ የፍንዳታ ጉዳት ነበረባቸው፤ የጆሮ አጥንታቸው ከቦታው ተናግቷል፤ በዙሪያውም ደም ፈስሷል። ፖርፖይዝ የዶልፊን ዘመድ ናት። መንገዷንም ምግቧንም የምታገኘው ድምፅ ልካ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው፤ ጆሮዋ ከተጎዳ ወዲያው ባትሞት እንኳ ትራባለች።

መከላከያው ያኔም ይታወቅ ነበር። ቀዳዳ ያለው ረጅም ቱቦ ፈንጂውን ከቦ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ ከመርከብ ላይ በኮምፕሬሰር አየር ይገፋበታል፤ ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ ግድግዳ ሠርቶ የድምፁን ጉልበት ይሰብረዋል። ጀርመን የተርባይን ምሰሶ ሲተከል ድምፁ በ750 ሜትር ርቀት ላይ ከ160 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ስለምታስገድድ የነፋስ ግንባታ ኩባንያዎች በዚህ የአረፋ መጋረጃ ሲሠሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ከምሰሶ መዶሻ እጅግ ለሚበረታው ፍንዳታ ግን በዚያ ነሐሴ አልተዘረጋም። ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

* * *

ሌላው ዘዴ ባሩዱ ሳይፈነዳ እንዲቃጠል ማድረግ ነው። ትንሽ የመምቻ ፈንጂ ቀፎውን ትበሳና ውስጡ ይነድዳል። ድምፁ ከፍንዳታ በብዙ ያንሳል፤ የብሪታንያ መንግሥትም ከሙሉ ፍንዳታ ይልቅ ይህን እንደሚመርጥ በይፋ ገልጿል። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። በ2020 ፖላንድ ሽቪኖውይሽቼ ላይ 5.4 ቶን የሚመዝነውን የእንግሊዝ ቦምብ በዚህ መንገድ ሊያቃጥሉት ሲሞክሩ ፈነዳ። ሰው አስቀድሞ ስለተነሳና ሥራው ከሩቅ ስለተመራ ማንም አልተጎዳም።

* * *

በዚሁ ዓመት በታኅሣሥ፣ ከእንግሊዟ ክሮመር ማዶ፣ ጋልዋድ ኢ ሞር የተባለች የሸርጣን አጥማጅ ጀልባ የወጥመድ ገመዷን ስትስብ ከሥሯ አሮጌ ቦምብ ፈነዳና ሠራተኞቿ ክፉኛ ቆሰሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የነፋስ ኩባንያ የሚያጸዳው ምሰሶው የሚቆምበትንና ገመዱ የሚያልፍበትን ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ለአጥማጁ ይቀራል። ኩባንያው ከዚህ በላይ ግዴታ የለበትም፤ ያለበት መንግሥት ነው። ጀርመን 100 ሚሊዮን ዩሮ መድባ በሉቤክ ባሕረ ሰላጤ በ2024 የሙከራ ጽዳት መጀመሯ ትክክል ነው፤ ዘገየች እንጂ። ቀፎው በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ኪል አጠገብ ኮልበርገር ሃይደ በሚባለው ቦታ ባሩዱ እንደ ደረቀ ሳሙና ተሰነጣጥቆ እርቃኑን ተጋድሟል፤ እዚያ ለሙከራ የተቀመጡ ዛጎል ለበስ እንስሳት ሥጋ ውስጥም የፈንጂው ቅመም የሆነው የቲኤንቲ ውላጅ ተገኝቷል።

* * *

በዚያው በሉቤክ ባሕረ ሰላጤ ካሜራ ያወረዱ ተመራማሪዎች ቀፏቸው በተበላ የቪ-1 በራሪ ቦምብ ራሶች ላይ የተደረደሩ ኮከብ ዓሣዎች አይተዋል። ከዙሪያው ጭቃ ይልቅ ፈንጂው ላይ የሚኖረው ፍጡር ይበዛል። እንስሳቱ የሚፈልጉት የሚጣበቁበት ጠጣር ነገር ነው፤ የባልቲክ ወለል ድንጋይ ደግሞ ለግንባታ እየተለቀመ ተወስዷል። ፈንጂው ሲነሳ በምትኩ መርዝ የሌለው ጠጣር ነገር ይቀመጥ የሚለው የተመራማሪዎቹ ሐሳብ ከጽዳቱ ውል ውስጥ መግባት አለበት እላለሁ፤ መርከቡ ቦታው ላይ ሳለ ድንጋይ ማውረድ ኋላ ተመልሶ ከመምጣት ይረክሳል።