ቀረጥ ያስቀረሽ

አመሻሽ ላይ አምስት ኪሎ ስደርስ ቀድሞኝ የሚቆመው ጆሮዬ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ አውቀዋለሁ። ይሄ ሚኒባስ ነው፤ ማርሚታው ተበስቷል። ይቺ ቪትዝ ናት፤ ትንፋሿ አጠር ያለ። ይሄ ላዳ ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ ከብዶታል፣ ሹፌሩ አሁን ወደ ሁለተኛ ይመልሰዋል። አንቺን ግን አልሰማሽም። ስንት ዓመቴ ነው፣ በዚህ መንገድ የሚወጣውን ሁሉ ሰምቼ አንቺን ሳልሰማሽ።

ወይ አንቺ ባለ አራት በሯ! ምነው እንዲህ ራቅሽኝ?

ብዙ አልለመንኩም። ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የባለጠጋ መኪና አልተመኘሁም። የተመኘሁት የቤት መኪና ነው፤ ግን ልብ ያላት። ጠዋት እናቴን ቅድስት ማርያም ደጅ የምታደርስልኝ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንጦጦ ጠመዝማዛ ላይ መሪዋ እጄን እንደ ሰው የሚጨብጠኝ። ማርሹን በገዛ እጄ የማስገባላት፣ ቤንዚን ስሰጣት ሳትለግም የምትመልስልኝ። ይህን ምኞት ከኔ በፊት ብዙ ሰው ተመኝቶታል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1962 አልፋ ሮሜዮ ጁሊያን ሲያወጡ በብረት የሠሩት ይህንኑ ነበር፤ አራት በር፣ ለቤተሰብ የሚበቃ መቀመጫ፣ 1570 ሲሲ ሞተር፣ አምስት ማርሽ። ከዚያ ወዲህ ጀርመኑም ጃፓኑም የየራሱን ሠራ። ለደሞዝተኛ ተብሎ የተሠራ ደስታ ነበር።

ደሞዝተኛ። የኔና የአንቺ ነገር የተሰናከለው እዚህ ቃል ላይ ነው።

በየጊዜው መልክሽን ለውጠሽ መጣሽብኝ። መጀመሪያ ዲኤክስ ነበርሽ፤ ነጭ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያልሽ አሮጌ ኮሮላ። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተማሪ የነበረ አንድ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ፤ በግቢው በር ስታልፊ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምናይሽ። ሞተርሽ 1290 ሲሲ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኃይልሽን ለኋላ ጎማ ትሰጫለሽ። ጓደኛዬ በደብተሩ ጀርባ ዲፈረንሻልሽን እየሣለ፣ «መኪና ከኋላ ስትገፋ ነው መደነስ የምታውቀው» ይለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ኪሳችን ውስጥ ከታክሲ ሳንቲም በቀር ምንም አልነበረም። ሆኖም የትኛው በር የማን እንደሆነ ተከፋፍለን ነበር። የሾፌሩ የኔ። ከጎኔ የእናቴ። ከኋላ በግራ የታናሽ ወንድሜ፣ በቀኝ የሱ። ሰው ባለ ሁለት በር ለምን አትመኝም ሲለኝ የምመልሰው ይህንን ነበር፤ ሁለቱን ማንን ላስቀር?

በኋላ አልቴዛ ሆነሽ መጣሽ። ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ቶዮታ የሠራሽ፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ 1998 ሲሲ። ያን ዘመን ሥራ ይዤ ነበር፤ ማጠራቀም ጀምሬ ነበር። ደላላው የውጪ ዋጋሽን ሲነግረኝ ልቤ ዘለለ፤ ይቻላል አልኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ የመግቢያሽን ደመረው። ጉምሩክ 35 በመቶ። በዚያ ላይ ኤክሳይዝ፤ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60፣ ከዚያ በላይ 100። በድምሩ ላይ ደግሞ ቫት 15፣ በዚያም ላይ ሱር ታክስ 10። አንዱ በሌላው ጀርባ እየወጣ፣ 100 ብር የነበርሽው 341 ብር ሆንሽ። ቪትዟ ባለ 1298 ሲሲ ስለሆነች ከ1300 በታች ሾልካ ትገባ ነበር። ከተማችን በሷ የተሞላችው ሰው ሁሉ ወዷት እንዳይመስልሽ። እዚህ አገር የመኪና ምኞት በሲሲ ይለካ ነበር፤ ከ1300 በላይ የሚመታ ልብ ያላት ሁሉ በር ላይ ትቆም ነበር።

ቀረጡ ነው ያስቀረሽ፣ የኔ ሸጋ። ቀረጡ ነው አስቀርቶ ያስቀረኝ።

ደግሞ ትንሽ ስጠጋሽ ትርቂያለሽ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። እንደኔ ላለው ሰው ደግሞ ካረጀሽ በኋላ ካልሆነ አትገኚም። አዋጁ አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ ሰውም ይገድላል ብሎ እንደመጣ አውቃለሁ፤ በአሮጌ ሚኒባስ ጭስ ውስጥ ቆሜ ያደግኩ ሰው ይህን አልክድም። ግን በምን እንጽናና? በ2016 ጥር ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። አሁን በፒያሳ አዲስ መንገድ፣ በመብራቱ መሐል፣ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ሽው ይላሉ። ቆንጆ ናቸው። ፈጣን ናቸው። ከተማችን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ እነሱ አየር ስለማይተነፍሱ ምንም አያጡም። እኔ ግን የምወደው ያንን ማጣት ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ስትወጪ የምታሰሚው ድካም፣ ማርሽ ሲቀየርልሽ የምትተነፍሺው እፎይታ፤ ዳገቱን ከኔ ጋር የምትወጪ ይመስለኝ ነበር።

አንቺን ስጠብቅ በሮችሽ አንድ በአንድ ሰው አጡ።

ወንድሜ ዲቪ ደረሰው። «በራሳችን መኪና ቦሌ እሸኝሃለሁ» ብዬው ነበር፤ በኮንትራት ላዳ ሸኘሁት። ሻንጣው በጣሪያው ላይ ታስሮ እስከ ቦሌ ድረስ ዝም አልን። የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ ጓደኛዬም ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባ። አሁን ለመገናኘት ሦስት ታክሲ ነው፤ እሱም ደክሞት ይመጣል፣ እኔም ደክሞኝ እጠብቃለሁ፤ ስለ ዲፈረንሻል አናወራም።

እናቴ ደግሞ በእግሯ ሄደች። ጉልበቷ ካመማት በኋላ እንኳ ማለዳ ቅድስት ማርያም ትሄድ ነበር፤ በአንድ እጇ ነጠላዋን፣ በአንድ እጇ የአጥሩን ግንብ ይዛ፣ አራት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። ይኸው ነው የማይወጣልኝ። ቪትዝ መግዛት እችል ነበር። ያጠራቀምኩት ለሷ በቅቶ ነበር። ሻጩ ቁልፉን ሊሰጠኝ ዘርግቶ፣ እኔ «ትንሽ ልጠብቅ» አልኩት፤ አንቺን ብዬ። እናቴ ሰምታ «የወደድካት ትምጣልህ ልጄ፣ እኔ እግር አለኝ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከደጃችን በመኪና የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የሰው መኪና ነው፤ ተኝታ ነው የወጣችው።

አንድ ነገር ብቻ አለኝ ካንቺ። ሶማሌ ተራ ከብረት ክምር መሐል ያገኘሁት የማርሽ እጀታ፤ አናቱ ላይ የማርሾቹ ሥዕል በጣት ብዛት ሊጠፋ የቀረበ። ቤት ሳመጣው እናቴ በመዳፏ ይዛ አገላበጠችውና «ይቺ ናት?» አለች። ቡፌው ላይ ከማርያም ሥዕል አጠገብ አኖረችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ ስትጠርግ እሱንም ትጠርገው ነበር።

ከሞተች ወዲህ ይዤው ነው የምወጣው። መሽቷል፤ የታክሲው ሰልፍ ረዝሟል። ከታች፣ ከአራት ኪሎ አቅጣጫ፣ አንድ አሮጌ ኮሮላ ዳገቱን ይዞታል፤ ካርቡራተር ነው፣ ከጉሮሮው አውቀዋለሁ። አራቱም ወንበር ሰው አለበት፤ ከፊት ነጠላ የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። አጠገቤ ሲደርስ ሞተሩ ጮኸ፣ እጄም ኪሴ ውስጥ እጀታውን ያዘ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ድምፁ ወደ ስድስት ኪሎ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቅኩትም።