ሐምራዊዋን አታጥፋት

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውትዎት። ያለነው ሆመቾ ነው፤ ሐድያ ዞን፣ የጊቤ ወረዳ ዋና ከተማ። በርጩማውን ወደዚህ ይሳቡት፣ ጭሱ ወደ እርስዎ ነው የሚነፍሰው።

እዚያ ማዶ፣ ቆርቆሮው የዛገው ቤት ይታይዎታል? አንዲት እናት ለብዙ ዓመት ጀበና ያፈሉበት ነበር። መምህሩ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከብት ነጋዴው፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ሁሉም ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጡበታል። በኋላ እኚህ እናት አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱና ቤቱን ለሌላ ሰው አስተላለፉ። አዲሱ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። በርጩማውን አንስቶ የፕላስቲክ ወንበር አስገባ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለ፣ ሲኒዋ ላይ አምስት ብር ጨመረ። አጉረመረምን። በማግስቱ ግን ሁላችንም ተመልሰን መጣን። ሦስት ሳምንት ያህል ሰውዬውን እያማን ቡናውን ጠጣን። ከዚያ አንድ ቀን የእድሩ ጸሐፊ ቀሩ። ለካ አሁን እኛ በተቀመጥንበት፣ በዚህች ቡና የምታፈላልን ልጅ ጀበና ሥር ናቸው! በሁለተኛው ቀን መምህሩ ተሻገረ። በሳምንቱ ቴሌቪዥኑ ለራሱ ብቻ ያወራ ጀመር።

እኔም የተሻገርኩት ያኔ ነው። አምስት ብሯ ከብዳኝ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ጸሐፊው ያላሉበት ወሬ ጨው ስለሌለው ነው።

ይህ ጨዋታ በዓለም አደባባይ በቢሊዮን ዶላር ሲጫወት አይተነዋል። የካቲት 2006 ዓ.ም. ትዝ ይልዎታል? በዚያ ወር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የዓለም ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያወራባቸው ሁለት ትልልቅ ቤቶች ተሸጡ። በ7ኛው ቀን የጃፓኑ ራኩተን ቫይበርን በ900 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ተነገረ። በ12ኛው ቀን፣ እኛ የሰማዕታትን ቀን ስናስብ፣ ፌስቡክ ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ አስታወቀ። ዋትስአፕ ያኔ 55 ሠራተኛ ነበረው። ተጠቃሚው ግን 450 ሚሊዮን! እስቲ ያስቡት፤ 55 ሰው የሆመቾን አንድ ድንኳን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ምን ሊገዙበት ነው? ሰዉን ነዋ። ቤቱማ ባዶ ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያየዋል።

ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ ጃን ኩም ከዩክሬን በልጅነቱ ከእናቱ ጋር አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። የሽያጩን ውል የፈረመው ድሮ የምግብ እርዳታ ለመቀበል ይሰለፍበት የነበረው ቢሮ በር ላይ ነው ይባላል። ይህቺን ታሪክ ለሆመቾ ሰው ሲነግሯት ገብታው ዝም ይላል፤ ስደት ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ማስረዳት አያስፈልግም። ያው ሰው ማስታወቂያ የሚባል ነገር ዋትስአፕ ውስጥ እንዳይገባ የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አብሮት ዋትስአፕን የመሠረተው ብራያን አክተን ደግሞ ከሽያጩ ሦስት ዓመት በኋላ ለቆ ወጣ፤ ከዚያም ሲግናል የተባለውን ሌላ የመልእክት መተግበሪያ ለሚያስተዳድር በጎ አድራጎት ድርጅት 50 ሚሊዮን ዶላር አስቀመጠ። ቤቱን የሠራው ሰው ራሱ መንገዱን ተሻገረ ማለት ነው።

ሕዝቡስ? ከሽያጩ ወሬ ሦስት ቀን በኋላ ዋትስአፕ ለጥቂት ሰዓታት ተቋረጠ፤ በማግስቱ ቴሌግራም በአንድ ቀን ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ሰው መዘገበ። የቴሌግራሙ ፓቬል ዱሮቭም የሚገርም ነው። ቪኮንታክቴ የሚባለውን የሩሲያ ማኅበራዊ መድረክ መሥርቶ፣ በዚያው 2006 ዓ.ም. ከባለድርሻዎቹ ጋር ተጣልቶ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ከአገሩም ሄዷል። ተሰዳጁ ለተሰዳጆቹ ማረፊያ ሠራላቸው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እዚህ ሆመቾ «ማን ሸጠ? ማን ገዛ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የእኛ ሰው ስልኩን ከየትኛው መተግበሪያ ወደየትኛው እንደሚያዞር የሚወስነው ጆሃንስበርግ ነው። አይሳቁ! ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ሳውዝ፣ ደቡብ አፍሪካ ማለቴ ነው፣ እንደሄደ ያውቃሉ። እዚያ ሎኬሽን በሚሉት ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራው ልጅ «ቫይበር ላይ ግቡ» ሲል ቤተሰብ በሙሉ ቫይበር ገባ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው ኢሞ አለ፤ ኢሞ ገባን። ቀጥሎ ዋትስአፕ፣ ከዚያ ቴሌግራም። እናት ራኩተንን አታውቅ፣ የፌስቡኩን ዙከርበርግን አታውቅ። የምታውቀው ቀለሙን ነው፤ ሐምራዊዋ፣ አረንጓዴዋ፣ ሰማያዊዋ። ልጇ ያለበት ቀለም የእሷ ቀለም ነው።

በነገራችን ላይ ቴሌግራም እዚህ ሥር የሰደደው በቮይስ ይመስለኛል። ሐድይኛ ትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ትልልቆቹ ደግሞ የሚያነቡት፣ ካነበቡ፣ የግእዙን ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ እያወሩ በአንድ ፊደል አይጻጻፉም። ማይኩን ጫን አድርጎ ማውራት ግን ፊደል አይጠይቅም። ለያሆዴ፣ ለሐድያ ዘመን መለወጫ፣ አተካና የምንለው ምግብ ሲሠራ የቅቤው ጩኸት ሳይቀር ተቀድቶ ሳውዝ ይላካል።

ወደ ነገሬ ልመለስ፤ ቡናውም ፈልቷል፣ ይቅመሱ።

በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ዋትስአፕ አዲስ ደንብ አወጣ፤ መረጃችን ለፌስቡክ ሊሰጥ ነው ተብሎ ዓለም ተሸበረ። ቴሌግራም በ72 ሰዓት 25 ሚሊዮን አዲስ ሰው አገኘሁ አለ። ጥቅምት 17 ቀን 2015 ደግሞ ኢሎን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። የተከፋው ሻንጣውን ይዞ ማስቶዶን ወደሚባለው፣ አንድ ባለቤት ወደሌለው ሰፈር ጎረፈ። የዚያ ሰፈር ንቁ ተጠቃሚ በጥቂት ሳምንት ከሁለት ሚሊዮን አለፈ፣ ቆይቶ ደግሞ ቀነሰ። ተመላሹ ምን ሆኖ ተመለሰ ቢሉኝ መልሴ ያው ነው፤ ጸሐፊው ገና አልተሻገሩም ነበር። ዋትስአፕም ቢሆን ያ ሁሉ ኡኡታ ሁለት ቢሊዮን ሰውን ንቅንቅ አላደረገውም።

እኛ ደግሞ ባለቤት ሳይለወጥም በሩ ሲዘጋብን አይተናል። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲታገዱ፣ ለአምስት ወር ያህል በቪፒኤን ሹልክ እያልን ገባን። ያኔ ሌላ ቤት ፍለጋ የሄደ ሰው ትዝ ይልዎታል? እኔ አላየሁም። ሰው ሰው ባለበት በመስኮትም ይገባል።

እድራችንን ግን ይመልከቱት። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ በጸሐፊው እጅ ያለ መዝገብ አለው። አንድ ባለጸጋ መጥቶ «እድራችሁን ልግዛ» ቢል ከማን ይገዛል? ድንኳኑን ይውሰደው፤ እኛ ነገ ብር አዋጥተን ሌላ እናሰፋለን። የስልኩ ግሩፕ እንዲህ አይደለም። የሆመቾ ልጆች ከየአገሩ ተሰባስበው የሚያወሩበት ግሩፕ ውስጥ ነኝ፤ ለቅሶ የሚነገረው፣ ለታመመ የሚዋጣው እዚያ ነው። ከዋትስአፕ ወደ ቴሌግራም ሲሻገር ያልተሻገሩ ሰዎች አሉ። ስልካቸው የጠፋ፣ ቁጥር የቀየሩ፣ መልእክቱን ያላዩ። የማን ሞት እንዳመለጣቸው እንኳ አያውቁም። መዝገቡ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ስማቸውን አንድ በአንድ እንጠራ ነበር። መዝገቡ ግን ከቤቱ ጋር ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ባትሪ ላስቀይር። አንዲት እናት ገቡ። ስልካቸው «ቦታ የለኝም» እያለ ቮይስ አልቀበል ብሏቸዋል። የሚሠራው ልጅ ስክሪኑን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና፣

«እማማ፣ ይህቺ ቫይበር ከተከፈተች ዓመታት አልፏታል። ላጥፋት፣ ቦታ ይለቅልዎታል» አለ።

«የትኛዋ ናት?»

«ሐምራዊዋ።»

«እሷን አታጥፋት።»

«እዚህ ውስጥ እኮ አሁን ማንም የለም። ልጆችዎ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ናቸው።»

«ሦስቱ ናቸው ቴሌግራም ላይ ያሉት» አሉ እናትየው።

ልጁ እጁ ቆመ። እኔም ባትሪዬን ረሳሁት። በዚያ በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን አቋርጦ ወደ ሳውዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ስንቱ እንደቀረ እናውቃለን። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰው አስከሬን ሲወጣ፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው ሲባል፣ በዚህ አካባቢ ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ያላደረ ቤት ጥቂት ነው። አራተኛው ልጅ የት እንደቀረ አልጠየቅናቸውም። ስልክ የሚሠራው ልጅ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«መጨረሻ የደወለው በቫይበር ነው?» አለ።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌላ አያውቅማ። እሱ ሲሄድ ቴሌግራም መች ነበረን።»

ልጁ ስልኩን መልሶ አነሳና ፎቶዎቹን፣ ድግግሞሹን፣ ሰው የላከውን የበዓል ካርድ አንድ በአንድ እያሳያቸው ያጠፋ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከዚያ ቫይበርን ከፍቶ ወደ አዲሱ አሳደጋት፤ በራሱ ዳታ።

«ስንት ነው?» አሉት።

«ምንም።»