ኳሱን ለኢዲ ቢያቀብሉት ኖሮ

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2023 ምሽት፣ በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ፣ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሶስት ነጥብ መስመር ውጭ 26 ጊዜ ወርውሮ 5ቱን ብቻ አስቆጠረ። በዚያው ጨዋታ ዛክ ኢዲ፣ 2 ሜትር ከ24 የሚረዝመው ሴንተር፣ በዓመቱ የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ልጅ፣ ወደ ቀለበቱ የሞከረው 11 ጊዜ ብቻ ነው። ከ11ዱ 7ቱን አስገብቷል። 26 እና 11። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ባየኋቸው ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ፐርዱ 63 ለ 58 ተሸነፈ። የተሸነፈው ደግሞ በማን? ከኒው ጀርሲ በመጣው በፌርሊ ዲኪንሰን። ከዓመት በፊት 4 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 22 የተሸነፈ ቡድን ነው። የራሱን ሊግ ዋንጫ እንኳ አላነሳም፤ በፍጻሜው ሜሪማክ በአንድ ነጥብ አሸንፎታል። ሜሪማክ ከሁለተኛው ዲቪዥን ገና በማደግ ላይ ስለነበረና ደንቡ ወደ ብሔራዊው ውድድር እንዳይገባ ስለከለከለው ነው ቦታው ለፌርሊ ዲኪንሰን የደረሰው። በአንደኛው ዲቪዥን ካሉት 363 ቡድኖች በቁመት ከሁሉም አጭሩ እሱ ነበር። ኳስ ይዘው ከሚመሩት ልጆች አንዱ ዲሚትሪ ሮበርትስ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነው፤ ከኢዲ ጋር ግማሽ ሜትር ይበላለጣሉ። በወንዶቹ ውድድር ታሪክ 16ኛ ሆኖ የተመደበ ቡድን 1ኛውን ሲጥል ይህ ሁለተኛው ብቻ ነበር። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 ቨርጂኒያ ላይ የደረሰው ነው።

ለአሸናፊዎቹ ክብር አልነፍግም። አሰልጣኛቸው ቶቢን አንደርሰን ከሁለተኛው ዲቪዥን በመጣ በመጀመሪያው ዓመቱ ልጆቹን አሳምኖ አስገባቸው፤ እነሱም 40 ደቂቃ ሙሉ ሳይታክቱ ሮጡ። የኮሎምበስ ልጅ የሆነው ሾን ሙር በገዛ ከተማው 19 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የፐርዱን ተስፋ የሰበረው የሶስት ነጥብ ኳስም የእሱ ነው። ድሉ ይገባቸዋል። የሚያንገበግበኝ የእነሱ ማሸነፍ አይደለም። የእኛ ሰዎች በእጃቸው የነበረውን ትተው የሌላቸውን ሲለምኑ ማምሸታቸው ነው።

ከእረፍት በኋላ የነበረውን ሁኔታ ልግለጸው። ኢዲ ከቀለበቱ ሥር ቦታውን ይይዛል። አንድ ተከላካይ ከፊቱ ቆሞ የኳሱን መንገድ ይዘጋል፤ ሌላው ከኋላው ተለጥፎ ከላይ የሚጣልለትን ይጠብቃል። የፐርዱ ጋርድ በክንፍ በኩል ኳሱን ይዞ አንዴ ያየዋል፣ ሁለቴ ያየዋል፣ ተዘግቷል ብሎ ይተወዋል። ኳሱ ወደ ጥግ ይሄዳል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ማንም አጠገቡ የለም፤ ይወረውራል፤ ይስታል። ፌርሊ ዲኪንሰኖች ሪባውንዱን ነጥቀው ይሮጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ያው ይደገማል። ኢዲ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። በመጨረሻዎቹ 9 ደቂቃዎች ገደማ ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ የዓመት ሥራ፣ አንድም ጊዜ ወደ ቀለበቱ አልሞከረም። በውድድር ዓመቱ በአማካይ 22 ነጥብ የሚያስቆጥረው፣ ከአሥር ሙከራው ስድስቱን የሚያስገባው ሰው ነው!

«ምን ያድርጉ? ሁለት ሰው ይዞት፣ ክፍት የሆነው ሌላው ነበር» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ ሰማሁ። ክፍት የተተወ ሰው ግን በምክንያት ነው የሚተወው። አንደርሰን አስልቶ ነው የተወው። ኢዲ በ10 ሙከራ ከሚገድለኝ ሌሎቹ በ26 ሙከራ ይሞክሩኝ ብሎ ወሰነ። ፐርዱም ምሽቱን ሙሉ ተጋጣሚው የጋበዘውን በላ። ከአሥሩ ኳስ ሁለቱ እንኳ በማይገቡበት ማታ ክፍት መሆን ምን ዋጋ አለው?

በሴንተር በኩል መጫወት ማለት ኳሱን ወደ ውስጥ መወርወርና እሱ ያስቆጥር ብሎ መጠበቅ አይደለም። ይህ ነው ያልተረዱት፣ ወይም እያወቁ በዚያች ሰዓት የተዉት። ከፊቱ የሚቆም ተከላካይ የሚጠቅመው ኳሱ ከአንድ ወገን እስከመጣ ድረስ ብቻ ነው። ኳሱን በፍጥነት ወደ ሌላው ክንፍ ካዞርከው ያ ተከላካይ ዞሮ እንደገና ፊቱ እስኪደርስ ድረስ ኢዲ በጀርባው ዘግቶት ይይዘዋል፤ ያቺ አንዲት ቅጽበት ለ2 ሜትር ከ24 ሰው ከበቂ በላይ ናት። ወይም ሌላውን ረጅም ልጅ ወደ ቅጣት መወርወሪያው መስመር አምጥተህ ኳሱን ለእሱ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ሲታይ ከፊት የቆመው ተከላካይ ከፊት መሆኑ ይቀራል፤ የፓሱ መንገድ ከመሃል ይከፈታል። ኢዲን ራሱን ወደ መስመሩ አውጥቶ ኳስ ማስያዝም ይቻል ነበር። እዚያ ሲይዝ ሁለቱ ጠባቂዎች ተከትለውት ይወጣሉ፣ ቀለበቱ ሥር ባዶ ይሆናል፣ ጋርዶቹ ከጀርባው እየቆረጡ ይገባሉ። በዚያ ዓመት ኢዲ ከሁለት ሰው መሃል ኳስ ማውጣት የማያውቅ ሴንተር አልነበረም፤ የራሳቸውን ሊግ ቢግ ቴንን ሙሉ ዓመት ያሸነፉት በዚሁ ነው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ሁለተኛው ፓስ ነው። ሴንተሩ ኳሱን ይይዛል፣ ሁለት ሰው ይመጣበታል፣ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ብዙ ቡድኖች እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ተቀባዩ ይወረውራል። ብልሁ ቡድን ግን አይወረውርም፤ ኳሱን መልሶ ያስገባል። ምክንያቱም ሁለተኛው ተከላካይ ወደ ውጭው ሰው መሮጥ ጀምሯል፣ ሴንተሩም በዚያች ቅጽበት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ያውም ከበፊቱ ይልቅ ወደ ቀለበቱ ቀርቦ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለአንድ ማጥቃት 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ከኤን.ቢ.ኤ. በ6 ሰከንድ ይበልጣል። ያ ትርፍ ጊዜ ለሴንተር የተሰጠ ጸጋ ነው። ፐርዱ አልተጠቀመበትም።

ኳሱን የሚመሩት ብሬደን ስሚዝና ፍሌቸር ሎየር ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። አልፈርድባቸውም። ፌርሊ ዲኪንሰን ከሜዳው ጫፍ ጀምሮ እየተጫነ አዋከባቸው፤ ቡድኑ 16 ጊዜ ኳስ አስነጠቀ፤ ስሚዝ ብቻውን 7 ጊዜ። ግን እንዲህ ያሉ ልጆች ሲጨነቁ ማረፊያ ማዘጋጀት የአሰልጣኙ ሥራ ነው፤ ማት ፔይንተርም የዚህ ጨዋታ ሊቅ ነው፤ ራሱ በፐርዱ የተጫወተ፣ ከአይዛክ ሃስ እስከ ኢዲ ረጃጅሞችን ያሳደገ ሰው። በጫናው መሃል ኢዲን ቢያቆመው፣ ኳሱ በአጫጭሮቹ ጭንቅላት ላይ አልፎ እጁ ላይ ቢያርፍ፣ ጫናው በተፈታ ነበር። በማንኛውም አሰልጣኝ ፊት ሊያስረዳ የሚችለውን ነገር በዚያች ማታ ሜዳ ላይ አላየነውም።

ፐርዱ ከዚያ በፊትም ሁለት ዓመት በተከታታይ በትናንሾች ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በኖርዝ ቴክሳስ፣ በ2022 በሴንት ፒተርስ። ያኔም አዘንን፤ አለፈ። የ2023ቱ የተለየ የሚሆነው መንገዱ ምን ያህል ተጠርጎ እንደነበረ ስናይ ነው።

ፐርዱ የነበረበትን የምሥራቁን ምድብ ተመልከቱ። በ2ኛነት የተመደበው ማርኬት በሁለተኛው ዙር ወደቀ፤ ፐርዱ ማርኬትን በኅዳር ወር በሜዳው 75 ለ 70 አሸንፎት ነበር። በ5ኛነት የተመደበው ዱክም በዚያው ዙር ወደቀ፤ ፐርዱ ዱክን በዚያው ወር 75 ለ 56 ረትቶታል። ከምድቡ ወጥቶ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውስጥ የገባው ማን ነው? 9ኛ የተባለው ፍሎሪዳ አትላንቲክ። ፌርሊ ዲኪንሰንን ከሁለት ቀን በኋላ 78 ለ 70 አሸንፎ፣ ቴነሲንና ካንሳስ ስቴትን አልፎ አራቱ ወደሚገናኙባት ሂውስተን ደረሰ። በዚያ ዓመት አራቱ ውስጥ 1ኛም፣ 2ኛም፣ 3ኛም የተባለ ቡድን አልነበረም። አንድም! ማያሚ፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት፣ ፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ እና በ4ኛነት ተነሥቶ ዋንጫውን የወሰደው ኮኔቲከት። እንዲህ ያለ ዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ረጅሙ ሰው በእጅህ እያለ፣ ደጃፉ ላይ መሰናከል!

ይህን ቁጭት የሚያከብደው የፐርዱ ታሪክ ነው። ቡድኑ ይህን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1969 ለፍጻሜ ደርሶ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 92 ለ 72 አሸነፈው። የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. አሰልጣኝ ጆን ውደን ራሱ የፐርዱ ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ በፐርዱ ከተማ በዌስት ላፋየት ተጫውቶ የተመሰገነ። በዚያ ቀን ውደን ኳሱን በሴንተሩ በሉ አልሲንዶር በኩል አስኬደ፤ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው ማለት ነው። አልሲንዶር 37 ነጥብና 20 ሪባውንድ ወሰደ። በፐርዱ በኩል ደግሞ ድንቁ ተኳሽ ሪክ ማውንት ከሩቅ ከሩቅ እየወረወረ 36 ሞክሮ 12ቱን ብቻ አገባ። ከ54 ዓመት በኋላ ፐርዱ የራሱን አልሲንዶር አገኘ፤ አግኝቶም እንደ ማውንት ቡድን ከሩቅ ወረወረ። ይህን ሳስብ እጄን ነው የምነክሰው።

ከ2023ቱ ሽንፈት በኋላ ኢዲ ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ቢሄድ ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ተመለሰ። በ2024 ፔይንተርም ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፤ ከሳውዘርን ኢሊኖይ ላንስ ጆንስን አምጥቶ ለጋርዶቹ እፎይታ ሰጣቸው፣ ስሚዝና ሎየርም በሰሉ። ዲትሮይት ላይ ቴነሲን ሲገጥሙ ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። ኳሱ ገባ፤ ሲዘጋ ዞሮ ገባ፤ ሲወጣ ተመልሶ ገባ። ኢዲ 21 ጊዜ ሞከረ፣ ከቅጣት መስመሩ 22 ጊዜ ወረወረ፣ ከቡድኑ 72 ነጥብ 40ውን ብቻውን አስቆጠረ። ቴነሲዎች አንድ በአንድ ፋውል እየበዛባቸው ጉልበታቸው አለቀ። ፐርዱ ከ1980 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱ ውስጥ ገባ፤ ያኔም ቡድኑን የተሸከመው ሴንተር ነበር፣ ጆ ባሪ ካሮል። እኔም እንደ ሌላው ደስ ብሎኝ ጮኬያለሁ፤ ደስታው ውስጥ ግን «ታዲያ ይህ አምና የት ነበር?» የሚል ሕመም ነበረበት። በፌርሊ ዲኪንሰን ላይ 11፣ በቴነሲ ላይ 21። አጭሩ ቡድን ላይ ግማሽ ያህሉን!

በፍጻሜው ኮኔቲከት መጣ። አሰልጣኙ ዳን ሃርሊ የአንደርሰንን ተቃራኒ አደረገ፤ ኢዲን ለሴንተሩ ለዶኖቫን ክሊንገን ብቻውን ሰጥቶ ተኳሾቹን ዘጋ። ፐርዱ ከሶስት ነጥብ መስመር ውጭ 7 ጊዜ ብቻ ሞክሮ አንዷን አገባ። ኢዲ 37 ነጥብ አስቆጠረ፤ 75 ለ 60 ተሸነፉ። አንዳንዶች ይህን አንስተው «አየህ፣ በሴንተር በኩል መጫወት እዚህ ድረስ ነው» ይሉኛል። አልቀበልም። ያ ሽንፈት አያቃጥለኝም። ያለህን ሁሉ አውጥተህ፣ ምርጥ ሰውህን አምነህ፣ በዘመኑ ከሁሉ በጠነከረ ቡድን መሸነፍ ሌላ ነገር ነው። ክሊንገን 2 ሜትር ከ18 ነው፤ ኮኔቲከትም ዋንጫውን ለሁለተኛ ዓመት በተከታታይ የወሰደ ነው።

የ2023ቱ ውድቀት ለ2024ቱ ጉዞ ትምህርት ሆነ የሚሉም አሉ፤ በየጊዜው ይነገራል፤ ለማጽናኛ ይመች ይሆናል። ኢዲ ግን በኮሌጅ የተጫወተው አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እያደገ፣ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ አሳለፋቸው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ዓመት የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተባለ፤ ከራልፍ ሳምፕሰን ወዲህ ይህን ደግሞ ያሳካ አልነበረም። ለትምህርት ብሎ የሚያባክነው ዓመት አልነበረም። በሰኔ 2024 የሜምፊስ ቡድን በ9ኛነት መርጦት ሄደ። ከሁለቱ ዕድሎች በአንዱ ዓመት መንገዱን የዘጋው ኮኔቲከት ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። በሌላው ዓመት ግን ከፊቱ የነበሩት እነዚያ አጫጭር ልጆች፣ ከዚያም ፍሎሪዳ አትላንቲክ ነበሩ፤ የዘጉበትም የራሱ ቡድን ጋርዶች ናቸው፣ ኳሱን ይዘው፣ እያዩት፣ 9 ደቂቃ ሙሉ።